የቤት ብድር እፎይታ፦ ጊዜ መስጠት እንጂ ዕዳ መሰረዝ አይደለም

የመኖሪያ ቤት ብድር ረጅም ዓመታትን የሚዘልቅ ውል ነው። በእነዚህ ዓመታት ሕመም፣ ከሥራ መፈናቀል ወይም የአዝመራ መበላሸት ሊያጋጥም ይችላል። ወርኃዊ ክፍያው ግን ችግሩ እስኪያልፍ አይጠብቅም።

የኢትዮጵያ ሕግ ለተበዳሪው የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ ዕዳው በወቅቱ ካልተከፈለ ባንኩ በውሉ መሠረት ያለፍርድ ቤት ውሳኔ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ከሽያጩ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ቢያንስ የ30 ቀናት ነው። በ30 ቀናት የተዘራ ጤፍ እንኳ ለአጨዳ አይደርስም።

በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የክፍያ እፎይታ በሁለት መንገድ ታይቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለተቸገሩ ደንበኞች የዕዳ እፎይታና ተጨማሪ ብድር እንዲሰጡ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር እንደሚቀርብ አስታወቀ። በዚያው ወር በአሜሪካ የጸደቀው ሕግ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ወይም ድጋፍ ያለው የቤት ብድር የወሰዱ ተጎጂዎች ክፍያቸውን ለ180 ቀናት፣ ሲጠይቁም ለተጨማሪ 180 ቀናት እንዲያቆዩ ፈቀደ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው እፎይታው በባንኩ ውሳኔ ላይ ሲመሠረት፣ በሁለተኛው የተበዳሪው ሕጋዊ መብት ሆኗል።

በሁለቱም መንገድ ግን ዕዳው አይሰረዝም፤ በእፎይታው ጊዜም ወለድ ሊታሰብ ይችላል። ለምሳሌ 500 ሺህ ብር ቀሪ ዕዳ በዓመት 12 በመቶ ወለድ ቢታሰብበት የወሩ ወለድ 5 ሺህ፣ የስድስት ወሩ 30 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከተጠየቀ እፎይታው መልሶ ችግር ይሆናል። በቀሪዎቹ ዓመታት ከተከፋፈለ ወይም የብድሩ ዘመን ከተራዘመ ግን ቤተሰቡ የመተንፈሻ ጊዜ ያገኛል።

ባንኮች የሚያበድሩት የቆጣቢዎችን ገንዘብ በመሆኑ ገደብ የሌለው እፎይታ አይቻልም። ሆኖም ያገገመ ተበዳሪ ዕዳውን ከነወለዱ ስለሚከፍል፣ መጠነኛ ትዕግሥት ለባንኩም ይጠቅማል። ከምርት ሽያጭ በሚያገኘው ገቢ በከተማ ቤት ለሠራ አርሶ አደርም ክፍያው ከመኸር ወቅት ጋር ቢጣጣም ተመራጭ ነው።

ተበዳሪዎችም ማስጠንቀቂያው እስኪደርሳቸው መጠበቅ አይገባቸውም። የችግራቸውን ማስረጃ ይዘው አስቀድመው ባንኩን ማነጋገር፣ የወለዱን አከፋፈልም በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።