ስለ ተናጋሪው ስልክና ስለ ዝቋላ ሕዝብ ጥቅም

ዝቋላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሸዋ ያለውን የገዳም ተራራ ነው። እዚህ የሚነገርለት ዝቋላ ግን በዋግ ኽምራ፥ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ወንዝ ሲወረድ የሚገኘው፥ ዋና ከተማው ጽጽቃ የሆነው ወረዳ ነው። በ1977 ዓ.ም. ዋግን ያጠቃው ረኃብ ከሽማግሎች አፍ ገና አልጠፋም፤ በ2016 ዓ.ም.ም ድርቅ ተመልሶ መጥቶአል። የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ የዚህን አገር ችግር የሚያስታውስ ነው።

አሁን በዓለም የተነሣው አዲስ ጥበብ እንዲህ ላለው አገር ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል። በኪስ የሚያዘው ስልክ ሴንሰር በሚባሉ ጥቃቅን መሣሪያዎች የባለቤቱን እርምጃ፥ ያለበትን ስፍራና በዙሪያው ያለውን ድምፅ ይለካል፤ ልኩንም በቍጥር ያስቀምጣል። በሌላ በኩል የቋንቋ ሞዴል የሚባለው ብልሃት ከብዙ ጽሑፍ የቃላትን አካሄድ ተምሮ፥ ከአንድ ቃል በኋላ የትኛው ቃል እንደሚከተል እየገመተ ይጽፋል። ቻት ጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተገለጠ ወዲህ ሊቃውንቱ ሁለቱን በማጋጠም፥ ስልኩ የለካውን ቍጥር ሞዴሉ በሰው ቋንቋ እንዲተረጕመው ይደክማሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የምስራች ግን ሞዴሉ ከስልኩ ውስጥ መግባቱ ነው። 3 ቢሊዮን ቍጥሮች ያሉት ትንሽ ሞዴል እያንዳንዱ ቍጥር በ4 ቢት ቢጨመቅ 1.5 ጊጋባይት ያህል ስፍራ ይበቃዋል። ጎግል በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ሞዴል በስልክ ላይ አውሎአል። የኔትወርክ መስመር በሚጠፋበት ቆላ፥ ያለ መስመር የሚሠራ ረዳት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ደስታው ጥንቃቄን ሊያስረሳ አይገባም። አንደኛ፥ ሞዴሉ ለቃል እንጂ ለቍጥር የተፈጠረ ስላልሆነ ረዥም የቍጥር ረድፍ ሲሰጠው ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም ንግግሩ እንደ እውነተኛው ያማረ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሠራተኞች የሕፃኑን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ይለካሉ፤ ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ በብርቱ የምግብ እጥረት የተያዘ ነው። ልኩ 11.4 ሆኖ ሳለ ስልኩ አሳምሮ «ደኅና ነው» ብሎ ቢጽፍ፥ ስሕተቱ የፊደል ስሕተት ሳይሆን የነፍስ ጕዳይ ይሆናል። ስለዚህ ወሰኑን የሚፈርደው ቍርጥ ያለ ሒሳብ ሊሆን ይገባል፤ ሞዴሉ ፍርዱን ለእናቲቱ በሚገባት ቃል ያስረዳ እንጂ ፍርዱን ራሱ አይስጥ።

ሁለተኛ፥ እናቲቱ የምትሰማው በየትኛው ቋንቋ ነው? ሞዴል የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። ለእንግሊዝኛ የተከማቸው ጽሑፍ እጅግ ብዙ ነው፤ ለአማርኛ ጥቂት ነው፤ በዋግ ለሚነገረው ለኽምጣና ደግሞ ከምንም የማይቈጠር ነው። ለገበሬዎች በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው 8028 የስልክ ምክር በአገር ቋንቋ መነገሩ ለብዙዎች መጥቀሙ የታወቀ ነው። በማያውቁት ቋንቋ የሚመክር ስልክ ግን፥ ምንም ቢራቀቅ፥ ለዝቋላ ገበሬ ከዝምታ አይሻልም።

ሦስተኛ፥ እርምጃንና ስፍራን የሚለካ መሣሪያ የሰውን ምስጢርም ያውቃል። ልኩ በስልኩ ውስጥ ቢቀር መልካም ነው፤ ወደ ሌላ ስፍራ የሚላክ ከሆነ ግን ባለቤቱ አስቀድሞ ሊነገረውና ሊፈቅድ ይገባዋል።

እንግዲህ በየወረዳው ሥራ ላይ ያሉ ሹማምንት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲቀርብላቸው ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ይኸውም ያለ መስመር ይሠራልን? ልኩ ከትርጓሜው አጠገብ ሳይለወጥ ይቀመጣልን? ስሕተት ሲገኝ ኀላፊው ማን ነው? የሚሉት ናቸው። ፊደል የሚያውቁ ካህናትና መምህራንም የኽምጣናን ቃል ከሽማግሎች በፈቃዳቸው እየሰበሰቡ ቢጽፉ፥ ለነገው መሣሪያ መሠረት ይጥላሉ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ተብሎአልና። ሐሰትም ከተጻፈ አብሮ የሚወረስ ስለሆነ፥ ስልኩ ከመናገሩ በፊት የሚናገረውን የሚመረምር ሰው መኖር አለበት።