ስለ ብጉርና ስለ ፊት ቅባት

በዘመነ ጉርምስና መልክአ ገጽን የሚያጠወልገውን ብጉር ለማጥፋት ሲሉ፣ የወልድያና የመርሳ ወጣቶችም እንደ ሌላው የአገራችን ወጣት ሁሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙት ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን ያለበት ቅባት፣ ለጥቂት ቀናት ፊትን አለስልሶ ቢያሳይም፣ ውሎ አድሮ ቆዳን የሚያሳሳና ብጉሩንም የሚያባብስ ነውና፣ ከፈውስ ሊቈጠር አይገባውም።

ሐኪም የሚያዝዘው የአዳፓሊን ጄል ግን ግብሩ ሌላ ነው፤ የተደፈነውን የቆዳ ቀዳዳ ይከፍታል። ማታ ፊት በለዘብተኛ ሳሙና ታጥቦ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ፣ የአተር ፍሬ የምታህል መጠን ለመላው ፊት ትበቃለች፤ ዐይንንና ከንፈርን ግን አትንካ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው ሲቀላና ሲላጥ «አልተስማማኝም» ብሎ መጣል የብዙዎች ስሕተት ነው፤ ቢበረታ በየሁለት ሌሊቱ መቀባት ይቻላል እንጂ፣ ፍሬው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ትዕግሥትን ይሻል። ለብጉር የሚሰጠው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት ሌላው ጄል ደግሞ የነጠላን ጥለትና የትራስን ልብስ ቀለም ስለሚያነጣ፣ ሳይደርቅ መከናነብ አይገባም። አዳፓሊን እየተቀባ በሐብሩ ማሳና በመርሳ ገበያ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ባርኔጣ አይለየው፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም መፅነስ የምታስብ ሴትም አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ብጉሩ ጠባሳ ለሚተውበት ሰው፣ ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። እናንተም የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሆይ፣ ክሎቤታሶልን ያለ ማዘዣ ለልጆቻችን ፊት አትሽጡ።