እንዶድ ይታጠቡበታል እንጂ አይጠጡትም

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ጓደኞቹ ከክፍል እስኪወጡ ጠብቆ ወደ እኔ ጠጋ አለና፣ «መምህር፤ ሐኪም ቤት ቢልሃርዚያ አለብህ ተባልሁ። አያቴ ግን ‹እንዶድ ወቅጬ ላጠጣህ› ትለኛለች። ልጠጣ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልመሰለኝ፣ የሰጠሁትን መልስ ለእርስዎም ላካፍል ወደድሁ።

ስለ እንዶድ ለኢትዮጵያዊ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ከዚህ ተራ ነገር ውስጥ ትልቁን ነገር ያዩት ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ባለፈ ነበር። እርሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ እነዚያም ሞቱ።

የቀንድ አውጣ ሞት ለሰው ምን ይረባዋል ይሉ ይሆናል። የቢልሃርዚያ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ የገባው እንቁላል ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በአንዳንድ የቀንድ አውጣ ዓይነቶች ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ የሚዋኘውን፣ የሚያጥበውንና ወንዝ የሚሻገረውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ድልድይ ፈረሰ ማለት ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች እንዶድ ሲጨመር፣ በትንንሾቹ ልጆች ዘንድ ከመቶ 50 የነበረው በሽታ ወደ 7 ወረደ። ዶክተር አክሊሉም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በ1989 ተቀበሉ፤ ይኸውም የዓድዋው ነገር ከታየ 25 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዬ እንዲህ አልሁት፦ እንዶድ በወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣን የሚገድል መርዝ ነው እንጂ በደም ሥርህ የተቀመጠውን ትል የሚያወጣ መድኃኒት አይደለም። ዓሣንም አይምርም፤ የጠጣውንም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ለአንተ የሚሆነው ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ነው፤ እርሱም ከቅጠል የተጨመቀ ሳይሆን በፋብሪካ የተሠራ ነው። ነገር ግን አያትህን አትናቃት። እንዶድን ይዘው ወንዝ የወረዱት እንደ እርሷ ያሉ ሴቶች ባይሆኑ ኖሮ ሊቁ የሚያየው ነገር ባልኖረ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም ለበዓል አገርዎ ሲገቡ ሽማግሌዎች «ይህ ሥር ለዚህ፣ ይህ ቅጠል ለዚያ ይሆናል» ቢሉዎ አይሳቁ፤ እንዲያው አምነውም አይዋጡት። ለምን እንደሚሆን፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ማንን እንደ ጎዳ ጠይቀው ይጻፉት። ከማመንና ከመናቅ መካከል መመርመር የሚባል መንገድ አለ፤ ዶክተር አክሊሉ የሄዱት በዚያ ነው።

ተማሪዬ ኪኒኑን ውጧል። ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው፤ ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ጓደኞቹ ሲዋኙበት አየሁ።