ሐኪምዎ ማን ይባላሉ?

ፀጉራችሁን የሚያስተካክለው ሰው ማን ይባላል? ዱቤ የሚሰጣችሁ የሰፈር ባለሱቅስ? አብዛኞቻችን ሳናስብ እንመልሳለን። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባት አለው፤ እሳቸውም የቤቱን ልጆች በየስማቸው፣ የቤቱንም ገመና ያውቃሉ። «ሐኪማችሁስ ማን ይባላል?» ሲባል ግን ዝም ነው። ቢበዛ «እዚያ ጤና ጣቢያ ነው የምንታከመው» እንላለን። ቤቱን እናውቃለን፣ ሰውየውን አናውቅም ማለት ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም። በሀገራችን ስለ ጤና ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የሕንፃ፣ የመድኃኒትና የባለሙያ ቁጥር ነው። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ፣ ማንም አይክድም። ነገር ግን እነሱ እስኪሟሉ ሳይጠበቅ ሊጀመር የሚችል አንድ ሥራ አለ። እሱም እያንዳንዱ ቤተሰብ በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ እሱን የሚያውቅ፣ እሱም በስም የሚያውቀው አንድ ባለሙያ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው።

«የቤተሰብ ሐኪም» ሲባል ለአንዳንዱ ሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ ባለጸጋ ቤት የሚመጣ ዶክተር ይታየዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1948 የመንግሥት የጤና አገልግሎት ሲቋቋም ድሃውም ሀብታሙም በሰፈሩ ሐኪም ዘንድ እንዲመዘገብ ተደረገ። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ በሰፈር ውስጥ እየኖሩ የተወሰኑ ቤተሰቦችን እንዲከታተሉ የሚያደርግ አሠራር ጀመረች። ኖርዌይም ከ2001 ጀምሮ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ሐኪም ዝርዝር ውስጥ ስሙ እንዲሰፍር አድርጋለች። በዚያች አገር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን መረጃ የተመለከተና እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። በጥናቱ መሠረት ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ድንገት ታመው ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው በ28 ከመቶ፣ የመሞት ዕድላቸውም በ25 ከመቶ ያነሰ ነበር። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥናት ልዩነቱን ያመጣው ትውውቁ ብቻ ነው ብሎ አያረጋግጥም። ግን ዓመታት በረዘሙ ቁጥር ልዩነቱም እየሰፋ መሄዱ ነገሩን እንዲሁ ለማለፍ አያስችልም።

«ታዲያ መተዋወቅ ብቻውን ምን ያድናል?» የሚል አይጠፋም። ለተግባር ልምምድ በወጣንበት አንድ ጤና ጣቢያ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ደም ግፊት ተገኝቶባቸው ኢናላፕሪል ተጀመረላቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደረቅ ሳል ያዛቸው። ካርዳቸው ስለጠፋ አዲስ ካርድ አወጡ፣ የዕለቱ ተረኛም ሌላ ሰው ነበር። «ምን ሆነዋል?» «ሳል ነው ልጄ።» አሞክሲሲሊን ታዘዘላቸው። ሳሉ አልተወም። ተመልሰው ሲመጡ ሦስተኛው ባለሙያ የሳል ሽሮፕ ጨመረ፣ አራተኛው ደግሞ ለቲቢ አክታ አስመረመረ። ውጤቱ ነፃ ሆነ። በመጨረሻ እናታችን ፌስታላቸውን ዘርግፈው መድኃኒታቸውን ሲያሳዩ ነው ነገሩ የተገለጠው። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጡ ሁላችንም በፋርማኮሎጂ ትምህርት ተምረናል። አራቱም ባለሙያዎች ይህን ያውቃሉ። ያላወቁት እናትየዋን ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው የለም። ሁሉም ፊቱ ለቀረበው ነገር ተገቢውን አድርጓል። ሳል ይዞ ለመጣ ሰው አክታ ማስመርመር ጥፋት አይደለም። ችግሩ ሁሉም በየተራው የአንድ ቀን ቁራጭ ብቻ ማየቱ ነው። መድኃኒቱ ሲጀመር የነበረው ሰው ሳሉ ሲመጣ ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቀጠሮ ያልቅ ነበር። እኚህ እናት ግን ለትራንስፖርት፣ ለካርድና ለማያስፈልግ መድኃኒት ገንዘብ አወጡ፤ ከዚያም አልፎ «ይሄ የግፊት መድኃኒት ነው የገደለኝ» ብለው ጭራሽ ሊያቆሙት ነበር። የግፊት መድኃኒት ሲቆም ደግሞ መጨረሻው ስትሮክ ሊሆን እንደሚችል ለዚህ ክፍል ተማሪ መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በሀገራችን አደረጃጀት በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000፣ በከተማ ደግሞ ለ40,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገብተዋል። በገጠር ለእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማህደር የሚባል ፋይልም ተዘጋጅቷል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ሆስፒታል እንዲያልፍ ያዛል። እንግዲህ በሩ አለ፣ መዝገቡ አለ፣ መንገዱም አለ። የጎደለው በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ነዎት እማማ፣ ያ ሳል ተወዎት?» የሚል የታወቀ ሰው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሱ ሦስት መቃወሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው «ዶክተር የት አለና ነው የቤተሰብ ሐኪም የምትሉት?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የቤተሰብ ሕክምና እንደ ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የወጡትም በ2016 ነው። እነሱን ለየጤና ጣቢያው እናዳርስ ብንል ዕድሜያችን አይበቃም። ግን ሕዝባችን «ሐኪም» የሚለው ነጭ ጋውን ለብሶ የሚመረምረውን ሁሉ ነው፣ ያም በአብዛኛው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የሙያችን መነሻ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ልብስ አይደለም።

ሁለተኛው «ባለሙያው አይረጋም፣ ዛሬ ታየዋለህ ነገ ይለቃል» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የከበደ መቃወሚያ ነው፣ የደመወዙንና የኑሮውን ነገር በዚህች ጽሑፍ ልፈታው አልችልም። ሆኖም የሚለቀው ሰው ምን አስረክቦ ይለቃል? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቤተሰቦቹ በስሙ የተመዘገቡለት ባለሙያ ሲለቅ ለተተኪው ዝርዝሩን ያስረክባል፣ «እኚህ ሴትዮ ኢናላፕሪል አይስማማቸውም» ብሎ ይናገራል። ዛሬ ግን ሲለቅ የሚያስረክበው ቁልፍና ማኅተም ነው።

ሦስተኛው «ጤና ጣቢያ በሥራ ብዛት ተጨናንቋል፣ ይህ ሌላ ሸክም ነው» የሚል ነው። መልሱ እዚያው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በዚህ አገልግሎት ታካሚው የራሱ ፋይልና ቀጠሮ አለው፣ ሲቀርም ይፈለጋል። የቲቢ ታካሚም እንዲሁ ክትትል ይደረግለታል። ያው ጤና ጣቢያ፣ ያው ባለሙያ! ለኤች አይ ቪና ለቲቢ የተቻለው ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለአስም የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞስ አራት ጊዜ «ምን ሆነዋል?» ብሎ ከመጀመር ይልቅ አንድ ጊዜ ማወቁ ሥራ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ስለዚህ የሚከተለውን እላለሁ። አንደኛ፣ ጤና ጣቢያዎች ቀጣና ከፍለው ለእያንዳንዱ ቀጣና አንድ ባለሙያ ወይም አንድ ቡድን ይመድቡ፣ ስሙንም በር ላይ ይለጥፉ። በአዲስ አበባ የቤተሰብ ጤና ቡድን በሚል የተሞከረው አሠራር ለዚህ ጥሩ ጅምር ነው። ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ማህደርና የካርድ ክፍሉ ካርድ ይገናኙ። የሰፈር ባለሱቅ የመቶ ሰው ዱቤ በአንድ ደብተር ሳይጠፋበት ሲይዝ እኛ የአንዲት እናት ካርድ ማግኘት ሊያቅተን አይገባም። ሦስተኛ፣ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ሁልጊዜ አንድ ክፍል፣ ከተቻለም አንድ ሰው ጋ ይቀጠር።

ይህ ሁሉ መመሪያ እስኪወጣ ድረስ ግን ቤተሰብም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ሐኪም የሚፈለገው ታሞ በቃሬዛ ሲሄዱ ብቻ አይደለም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላልና። ደህና ሳላችሁ ሂዱና ካርድ አውጡ፣ ግፊታችሁን ተለኩ፣ የመረመራችሁን ሰው ስም ጠይቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «እገሌ አሉ?» ብላችሁ ፈልጉት። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፣ የጀመራችሁበትንም ቀን በደብተር ጻፉ። ለእናት ለአባቶቻችሁም ይህንኑ አድርጉላቸው፣ ብዙዎቹ የመድኃኒቱን ስም ሳይሆን ቀለሙን ነው የሚያስታውሱት።

ለእኛ ለዚህ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ነገ ሥራ ስንጀምር ወንበሩ፣ ማዳመጫውና ረጅሙ ወረፋ ይጠብቁናል። ወረፋው በበዛ ቁጥር ሰውን በካርድ ቁጥር መጥራት ይቀላል። ቢሆንም ስማችንን ለታካሚው መናገር በጀት አይጠይቅም፣ ደብዳቤም አያስፈልገውም። «እኔ እገሌ እባላለሁ፣ በሚቀጥለው ወር ሲመጡ እኔን ይጠይቁ» ማለት ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ይቻላል።