እንቅልፋችንን የሚያርመው ማን ነው?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በግቢያችን የእንቅልፍ መለኪያ ሰዓት በእጃቸው አስረው የሚያድሩ ተማሪዎች በዝተዋል። ጧት ሲነሡ የፈተና ውጤት እንደ ተለጠፈ ሁሉ «እኔ 62 አገኘሁ፤ አንተስ?» ይባባላሉ። ነገር ግን ይህን ማርክ የሚሰጠው ፈታኝ በምን ደንብ እንደሚያርም የጠየቀ ሰው አላየንም። እኛ ግን መጠየቅ አለበት እንላለን።

በመሣሪያው ውስጥ የእንቅስቃሴ መለኪያ አለ፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ሰውየው ነቅቷል፥ ጸጥ ሲል ተኝቷል ብሎ ይገምታል። ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከም የልብ ምት ይቈጥራል። የአንጎልን ሞገድ ግን አያይም። የእንቅልፍ ደረጃዎች በሚገባ የሚለዩት በአንጎል፥ በዓይንና በጡንቻ ምልክት ነው። በእንቅልፍ መካከል ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ መኖሩን በ1953 እ.ኤ.አ. ከናታኒኤል ክላይትማን ጋር ያስታወቀው ዩጂን አዜሪንስኪ፥ ጥናቱን ሲያካሂድ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ተማሪ መሆን ለዚህ ሥራ አያንስም ማለት ነው!

እንግዲህ ነገሩ ግምት ከሆነ በማን መኝታ ላይ ተፈተነ? በተደራራቢ አልጋ ላይ የላይኛው ሲገላበጥ የታችኛው ይናወጣል፤ ሰዓቱ የማንን መገላበጥ እንደ መዘገበ በምን ያውቃል? ሌሊት 8 ሰዓት ለማሕሌት የሚነሣውን፥ በረመዳን ለሱሁር የሚነሣውን እንዴት ይቈጥረዋል? በፈተና ሰሞን ጣራ ጣራ እያየ ሳይንቀሳቀስ የሚያድረውንማ «መልካም እንቅልፍ» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ደንቡ ከተሰወረብን ስሕተቱን ማረም አንችልም።

«የተዘጋጀውን ገዝቶ ማሰር አይቀልምን?» የሚሉን አሉ። መግዛቱስ ይቀላል። ዚዮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በግንባር የሚታሰር የእንቅልፍ መለኪያ ይሸጥ ነበር፤ ማሰሪያውም በየጥቂት ወሩ መለወጥ ነበረበት። ኩባንያው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ገዢዎቹ መለወጫ አጡ።

ስለዚህ የቴክኖሎጂና የሕክምና ተማሪዎች አሠራሩ ለሁሉም የተገለጸ መለኪያ አብረው እንዲሠሩ እንጠይቃለን። ከባዶ መነሣት አያስፈልግም። ፓይንታይም የተባለው የእጅ ሰዓት የእንቅስቃሴና የልብ ምት መለኪያ አለው፤ ፈቃደኞች የጻፉለትን ኢንፊኒታይም የተባለ ፕሮግራም ማንም አንብቦ ሊለውጠው ይችላል። የእንቅልፉን ደንብ እኛ እንጻፍ፤ እያንዳንዱም ጧት ጧት በወረቀት ከሚጽፈው የመኝታ መዝገብ ጋር እናስተያየው። (ባትሪውን ግን የሚያውቅ ሰው ይያዘው፤ ሊቲየም ቀልድ አያውቅም።)

የሚገለጸው የመሣሪያው አሠራር እንጂ የሰውየው ሌሊት አይደለም። መዝገቡ በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ፤ ለፕሮክተርም ሆነ ለዲን ጽሕፈት ቤት አይሰጥ። ይህን በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ማኅበራችን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዓቶች መግዣ ከክበባት በጀት እንዲፈቅድ በሚቀጥለው ጉባኤ እናቀርባለን።