«አጥፍቼዋለሁ» ያልነው አማና



ስልክ ሲያረጅ እንሸጠዋለን። ሜሞሪ ካርድ ለጓደኛ እንሰጣለን። የተበላሸ ኮምፒውተር ለጠጋኝ አስረክበን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን ያለውን ሁሉ «አጥፍቼዋለሁ» ብለን ልባችን ያርፋል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም።

አንድን ፋይል «ዲሊት» ስናደርግ የሚሰረዘው ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ራሱ ሳይሆን ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው ምዝገባ ነው። የመጽሐፍን ማውጫ ቀዶ ገጾቹን እንደ መተው ነው። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል፤ በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌርም ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ያገለገሉ 158 ሃርድ ዲስኮችን ገዝቶ ነበር። ሊነበቡ ከቻሉት 129 ውስጥ በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገለገሉ 21 የአንድሮይድ ስልኮችን ፈትሸው፣ «ፋክተሪ ሪሴት» ከተደረገ በኋላም መረጃ ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ይህ ለምን የጀመዓ ጉዳይ ሆነ? በስልካችን ውስጥ ያለው የእኛ ብቻ ስላልሆነ ነው። የወንድሞቻችን ስምና ቁጥር፣ በምስጢር የነገሩን ችግር፣ እህቶቻችን ያለ ሒጃብ በሰርግ ቤት የተነሱት ፎቶ ሁሉ እዚያ አለ። ያንን ያመኑት እኛን ነው። ስልኩን ስንሸጥ የእነርሱን አማና ጨምረን መሸጥ የለብንም።

«ትግላችን ሰላማዊ ነው፤ የምንደብቀው ምን አለ?» የሚሉ አሉ። ትግላችን በእርግጥ ሰላማዊ ነው፤ የጠየቅነውም መብታችንን ነው። ነገር ግን በሩን የሚዘጋ ሁሉ ሌባ አይደለም። መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴዎቻችን ጥያቄያችንን በአደባባይ ይዘው ወጥተው በ2004 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ንጹህ መሆን ብቻውን ከእስር እንደማያድን አይተናል። ስለዚህ በእኛ ቸልተኝነት የሌላ ሰው ስም በማያውቀው እጅ መግባት የለበትም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለሃርድ ዲስክ «ፈጣን ፎርማት» አይበቃም፤ ሙሉውን ዲስክ በሌላ ጽሑፍ የሚሸፍን ፕሮግራም አንድ ጊዜ ማስኬድ ግን ለዘመናዊ ዲስክ ይበቃል። ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድና ኤስኤስዲ ግን መረጃን በራሳቸው ሥርዓት ከቦታ ቦታ ስለሚያዛውሩ፣ በላያቸው ቢጻፍም ቅሪት ሊተርፍ ይችላል። ብዙ ምስጢር የያዘን ሜሞሪ ካርድ አለመሸጥ ይሻላል፤ ካገለገለ በኋላ ውስጡ ያለው ቺፕ እስኪደቅ መሰባበር ነው። ለስልክ ደግሞ፣ ኢንክሪፕሽኑ በራሱ ያልበራ አሮጌ ስልክ ከሆነ መጀመሪያ ከሴኪዩሪቲ ማስተካከያው ውስጥ በጠንካራ የይለፍ ቃል ማብራት፣ ቀጥሎ ፋክተሪ ሪሴት ማድረግ ነው። ያኔ ቁልፉ ስለሚጠፋ ቅሪት ቢኖር እንኳ አይነበብም። ሲምና ሜሞሪ ካርዱን ማውጣትም አይረሳ።

ነገር ግን ማጥፋት ሁሉ መልካም አይደለም። የሰደቃና የዘካ ሒሳብ የሕዝብ ሐቅ ነው፤ ተጠያቂነት እስኪያበቃ ሊሰረዝ አይገባም። በየጁሙዓው የተነሱት ፎቶና ቪዲዮዎችም ለነገው ትውልድ ምስክር ናቸው። እነዚህን አስቀድሞ አስተማማኝ ቦታ ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማጽዳት ይገባል።

በየመስጂዱ ይህን የሚያውቁ ወጣቶች አሉ። ከሶላት በኋላ አባቶችንና እናቶችን ቁጭ አድርገው ያሳዩዋቸው፤ እውቀታቸው ሰደቃ ይሁንላቸው። እኛም ስልክ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት «በውስጡ የማን አማና አለ?» ብለን እንጠይቅ።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!