ሳንቡሳውን ማን ይጠቅልል?



በሻዕባን መጨረሻ ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ ወንድማችን መስጊድ በር ላይ ጠብቆን፣ «ሼኻችን፣ ረመዷን ሲገባ የሴቶቹን የሹራብ ስብስብ ዝጉልን» አለን። ምክንያቱን ጠየቅነው። ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ክርና መርፌዋን ይዛ ትወጣለች፤ ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው ትመለሳለች። በጾም ወር ታዲያ ሾርባውን ማን ይጣድ? ሳንቡሳውንስ ማን ይጠቅልል? ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም፤ ከፈጅር ጀመዓ አይቀርም። እንዲያውም ከእርሱ ይልቅ ያፈርነው እኛ ነን። ይህን ንግግር ቀድሞ የተናገርነው እኛ ነበርንና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ያለንበት የደሴ ሰፈር ብርዱን ከጦሳ ተራራ ይቀበላል። ቁርኣን ሊቀሩ ከገጠር የሚመጡ ደረሶች አንዲት ስስ ጋቢ ይዘው ይመጡና ሌሊቱን እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ያድራሉ። አራት እናቶች ይህን አይተው ሹራብ ሊሠሩላቸው ክር ገዙ። ከዚያ ጎረቤት ተጨመረ፤ ሹራብ የማያውቁት ኪሮሽ ያዙ፤ ልጃገረዶችም መጡ፤ ዛሬ 17 ናቸው። ከደረሶቹ አልፈው ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ኮፍያ እየሠሩ ለሆስፒታል መስጠት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ሕፃን ሙቀቱን መያዝ አይችልም። እናቱ ደረቷ ላይ ታስጠጋዋለች፣ ራሱን በኮፍያ ትሸፍንለታለች። ብርቱካን የምታህል ኮፍያ ናት፤ አንዷ በእጃችን ላይ ስትቀመጥ ለጊዜው ቃል አጣን።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? እነዚህ ሴቶች አንድ ቀን ሚኒባስ ተከራይተው ወደ ሐይቅ ሄዱ። የታመመች ጓደኛቸውን ጠየቁ፣ ከውኃው ዳር ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ፣ ሹራባቸውን ሠሩ፣ ለዐስር ተመለሱ። ወሬው ሲደርሰን በጁሙዓው ኹጥባ ላይ ስም ሳንጠራ ነካካናቸው። ሴት ያለ መሕረም ስለመጓዟ አነሣን። ኪታቡን መልሰን ስናየው ግን በብዙ ዑለማዎች ዘንድ በዚህ ጉዳይ ጉዞ የሚባለው ሰላት የሚያሳጥር ርቀት ነው፤ በዛሬ ልኬት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳናጣራ ተናገርን። አውፍ እንዲሉን የጠየቅናቸው ዘግይተን ነው።

ከመካከላቸው ባሏ የሞተባት አንዲት እህት አለች። ቅሬው ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳዋም ሲያልቅ፣ ከቤት መውጣት አቃታት። እኛ ዱዓ አደረግንላት፤ እህልም ላክንላት። ሰው ግን አልላክንም። እነርሱ ክር ይዘው ቤቷ ሄደው ተቀመጡ። «እጄ ሥራ ሲያገኝ ልቤ ትንሽ ዐረፈ» ያለችው በኋላ ነው። የሐይቁ ጉዞም ከሐዘኗ ወዲህ ከሰፈር የወጣችበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። እኛ ሚንበር ላይ ቆመን የነካነው ያን ቀን ነው።

ረመዷን የቁርኣን ወር ነው፣ የክር ወር አይደለም የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛውን ግን እንመልከተው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል ከእንስሳት ሱፍና ጠጉር ዕቃና መገልገያ እንዳደረገልን ከጸጋዎቹ ቆጥሮታል። የእናታችንን የዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) ታሪክም እናውቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሚስቶቻቸው ቀድማ የምትከተላቸው እጇ የሚረዝመው እንደሆነች በነገሩ ጊዜ እጃቸውን ይለካኩ ነበር። በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ዘይነብ ቀድመው ሲሞቱ የእጅ ርዝመት የተባለው ሶደቃ መሆኑ ገባቸው። ቆዳ እያለፉ፣ እየሰፉ፣ በእጃቸው ሠርተው ይመጸውቱ ነበርና። እጅ ሲሠራ ምላስ ዚክር ማለት ይችላል፤ አንዷ ስትቀራ ሌሎቹ መስማት ይችላሉ።

ሐሜቱስ? አዎ፣ አለ። ሴቶች በተሰበሰቡበት ሐሜት ይገባል የሚለው ወንድማችን ልክ ነው፤ መስጊድ በር ላይ ኢፍጣር የምንጠብቅ ወንዶችም መካከል ይገባል፣ ያውም ክር እንኳ ሳንይዝ። በዚያው ሱራ ፈትሏን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ መልሳ የምትፈታታዋ ሴት ተነሥታለች። ምሳሌው ቃል ኪዳን ለሚያፈርስ ነው። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ጾሞ ምሽት ላይ በሐሜት ምንዳውን ስለሚበትን ሰው ስናስብም ትመጣብናለች። ይህን ለእናቶቻችን ነግረናል፤ ለወንዶቹም እንነግራለን።

ሌላው ጥያቄ ኮፍያው ለማን ነው የሚል ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አለ። የውዴታ ሶደቃ ሙስሊም ላልሆነም ይሰጣል። ላልተዋጉን ሰዎች በጎ ከመሥራት አላህ እንዳልከለከለን በሱረቱል ሙምተሒና ተቀምጧል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ ብዙ ማስረዳት የሚፈልግ አይመስለንም።

ሹራቡ የፊጥራ ዘካ ይሆን እንደሆነ የጠየቁን ነበሩ። አይሆንም። እኛ በተማርነው በሻፊዒዮች መዝሀብ የፊጥራ ዘካ ለእያንዳንዱ ነፍስ ከአገሩ ቀለብ አንድ ሷዕ ነው፣ ከዒድ ሰላት በፊት ይወጣል። ሹራቡ ከዚያ በላይ የሚሰጥ ሶደቃ ነው። ለራሳችን ልጅ የማንመርጠውን የሚያሳክክ ክር ለደረሳ አንስጥ፤ የሕፃኑ ኮፍያ ደግሞ ለስላሳ ይሁን፣ ታጥቦም ይሰጥ።

ወደ ሳንቡሳው እንመለስ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ተናግረዋል፤ ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ ነበር። እኛ ግን በረመዷን የቤቱን ሴቶች እሳት ዳር አስቀምጠን የዒባዳ ወር ገባ እንላለን። ስድስት ዓይነት ምግብ ማዕድ ላይ ካልቀረበ ጾሙ የተጾመ አይመስለንም። ቴምር፣ ውኃና ሾርባ ባለበት ቤት ቅዳሜን ለእርሷ መልቀቅ ምን ያጎድላል? ወንዶች ልጆቻችንስ ሽንኩርት መክተፍ ለምን አይማሩም?

ለወንድማችን ያልነው ይህንኑ ነው። ዝም ብሎ ሄደ፤ የተቀየመን መስሎን ነበር። በመጀመሪያው የረመዷን ቅዳሜ ተራዊሕ ላይ አገኘንና እየሳቀ ነገረን። ከልጁ ጋር ሳንቡሳ ጠቅልለዋል፤ ጫፉን በደንብ ስላላጣበቁት ግማሹ ዘይት ውስጥ ተበትኗል። ባለቤቱ ሦስት ኮፍያ ጨርሳ ስትገባ የተበተነውን በማንኪያ እየለቀሙ ደረሰችባቸው።